ጠያቂዋ መልሱን ታውቃለች

ኢሽራቅ ያቺን አንዲት ጥያቄ ከጻፈች አሥረኛ ቀኗ ነበር። ጥያቄዋ ረጅም አልነበረችም። በማኅበሩ የውይይት ገጽ ላይ፣ ስልሳ ምናምን ሰው እያያት፣ ከስሟ ሥር ተቀምጣለች።

«የዚህ ሥራ ባለቤት አንድ ቀን ቢሄድ ማን ይይዘዋል?»

የሥራው ባለቤት የሄይከል መልስ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

«ጠያቂዋ መልሱን ታውቃለች።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል አልጻፈላትም፤ አልደወለላትም። ኢሽራቅ እነዚያን ሦስት ቃላት ስታነሳ ስትጥል ሰነበተች። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ቁጣ ይመስላታል። ቀትር ላይ ሥራ ቦታዋ ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ልመና ይመስላታል። ማታ ራት ላይ አባቷ ስለ ወይራው ዋጋ ሲያወሩ ደግሞ ስንብት ሆኖ ይሰማትና ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። «ምኑን ነው የማውቀው?» ትላለች በሆዷ። «ምንም የማላውቅ እኔ!»

ነገሩ የፍቅር ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልከፋ። ሰው ባሕር ላይ የሚወጣበት ጉዳይ ነበር።

«ሪሕ» የሚባለው ፕሮግራም የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ከወደብ ከተማዋ ከስፋክስ የወጡ ሁለት ጀልባዎች ነፋስ ገልብጧቸው አራት ሰው ሲሞት፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ ጥቂት የከተማው ልጆች ተሰብስበው፣ የባሕሩን ነፋስ ለትንንሽ ጀልባዎች አስቀድሞ የሚናገር ፕሮግራም ጻፉ። ከዚያም የፈለገ እንዲወስደው፣ የፈለገ ከፍቶ እንዲያሻሽለው፣ ያለ ክፍያ ለቀቁት። ማኅበሩ የተወለደው እንዲያ ነው። ቀስ በቀስ በሪሕ ላይ ሌሎች ሥራዎች በቀሉ። አንዱ ካርታ ይሠራል፣ አንዱ ማዕበል ይለካል፣ አንዱ ወደቡን ያሳያል፤ አሥራ ሰባት ደረሱ። ባለፈው ክረምት ግን ከአሥራ ሰባቱ አንዱ፣ ሠሪው ትቶት የሄደው፣ የትናንቱን ነፋስ የዛሬ ነው ብሎ ተናገረና አንድ ሽማግሌ አጥማጅ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ስድስት ሰዓት ተንጠልጥሎ ተገኘ። ማኅበሩም ደነገጠ። «እንግዲህ በስማችን የምናስተዋውቃቸውን ሦስት ሥራዎች መርጠን በይፋ እናውጣ፤ ሰው የሚያምነውን ይወቅ» ተባለ። አምስት መራጮች ተሰየሙ፤ ኢሽራቅም አንዷ ሆነች። ደንቡን የጻፈችው ራሷ ናት። «ሥራውን የያዘው ባለአደራ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ትቶት እንደማይሄድ መራጮቹ ሊያምኑ ይገባል» የሚለውን አንቀጽ ስትጽፍ፣ አንድ ቀን ይህ አንቀጽ የገዛ ደረቷ ላይ እንደሚቆም በምን ታውቃለች?

ሁለቱ ሥራዎች ተመርጠው አልቀዋል። ለሦስተኛው ቦታ ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀሩ። አንደኛው «ዘርቃ» ነው፤ ስድስት የቱኒስ ልጆች የያዙት፣ ካርታው ዓይን የሚማርክ። ሁለተኛው የሄይከል «ኒዳ» ነው። ኒዳ ንጋት ላይ ስልክ ይደውላል። ማንበብ ለማይችል አጥማጅ የዕለቱን ነፋስ በቄርቀና ደሴቶች አነጋገር ያወራዋል። ድምፁ የሄይከል አባት የአጎት ሐሙዳ ነው፤ አርባ ዓመት ኦክቶፐስ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው። የክፉ ቀን ማስጠንቀቂያቸውን ደሴቱ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፦ «ዛሬ ከቤትህ አትውጣ። ሚስትህ ብትጨቀጭቅህም አትውጣ። እኔ ሐሙዳ ነኝ ያልኩህ!»

ኢሽራቅና ሄይከል የተዋወቁት በዚያው በኮዱ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት መስመሩን አረመችበት፤ አራት ቀን ሙሉ ተከራከራት፤ በአምስተኛው ቀን «ልክ ነሽ፤ ግን አራቱን ቀን አልቆጭም» ብሎ ጻፈላት። እሱ ደሴቱ ላይ ኮምፒውተር የሚያስተምር ጊዜያዊ መምህር ነው። እሷ የሲ ዙሄር፣ የአቶ ዙሄር ማለት ነው፣ ልጅ ናት፤ ሦስት የወይራ መጭመቂያ ያላቸው፣ ዘይታቸው ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ፣ ሴት ልጅ ሲድሩ ከአጥር ውጭ የማይመለከቱ ቤተሰብ። ከስፋክስ ደሴቱ በመርከብ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ኢሽራቅ አንድም ቀን አልተሻገረችውም፤ መርከቡ ላይ የሚያውቃት ሰው አይጠፋምና።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ስፋክስ ነርስነት የምትማረው የሄይከል እህት ነጅላ አንድ ጥቅል የደረቀ ኦክቶፐስ ቤታቸው አድርሳ ሄደች። ኢሽራቅ ሥራ ላይ ነበረች። ጥቅሉን የተቀበሉት እናቷ ላላ ኑዝሃ ናቸው። ማታ ስትገባ ከጥቅሉ ጋር የመጣው የሄይከል ደብዳቤ ትራሷ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«ኢሽራቅ፣ ከሃምቡርግ ሥራ ጠርተውኛል። ደመወዙን ብነግርሽ አታምኚኝም። ለባባም ቢሆን አልተናገርኩም፤ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ደሴቱን ሳስብ እግሬ አልነሳ ይለኛል። አንቺን ሳስብ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ምን እንደሆነ ይጠፋኛል። አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ብለሽ ትመልሺላቸው ነበር?»

ደብዳቤው እዚያ ላይ፣ በገጹ ግርጌ አለቀ። ስሙ የለበትም። ሄይከል ደብዳቤ ያለ ስሙና ያለ አንድ ቀልድ ዘግቶ አያውቅም። ኢሽራቅ ያንን ባዶ ግርጌ ብዙ ጊዜ በጣቷ ዳሰሰችው። «ግማሽ ልቡ ሄዷል» አለች። ሂድ የሚል መልስ ጽፋ ቀደደች፤ ቆይልኝ የሚል ጽፋ ቀደደች። ቆይ ብትለው አባቷ ፊት ልትቆም ነው። ሂድ ብትለው ልትዋሽ ነው። ዝም አለች። ዝም እንዳለች የኒዳ ፋይል ለመራጮች ደረሰ፤ ያቺን ጥያቄም ጻፈች። እንደ መራጭ ነው የጠየቀችው ወይስ እንደ ሴት? ይህንን እሷም አታውቀውም።

*

የምርጫው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሌላዋ መራጭ ጓደኛዋ ሶንዶስ በትንሿ መኪናዋ መጥታ ወሰደቻት።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አለች ሶንዶስ መሪውን እንደያዘች። «ይሄ ሰውዬ ምን ማለቱ ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«አትቀልጂብኝ! ታውቃለች ያለው ነዋ። ሰዉ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ሰብሳቢው ሲ ሙንጂ ሳይቀሩ ትናንት ደውለው፣ ‹ልጄ፣ ይሄ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው እንዴ?› አሉኝ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እሱ እኮ ታውቃለች ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ተሳስቷል።»

ሶንዶስ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ዘወር ብላ አየቻት። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ኢሽራቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረች፤ ጓደኛዋ የገባት ነገር ለራሷ ያልገባት መሆኑ አሳፈራት።

አዳራሹ ወደቡ አጠገብ ያለ የድሮ የጨው መጋዘን ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሞልቶ ነበር። ሄይከል ከፊት ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከስቷል። አጠገቡ አጎት ሐሙዳ የዓርብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቀይ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ኢሽራቅ ወደ መራጮቹ ጠረጴዛ ስታልፍ ዓይኗ ከሄይከል ዓይን ጋር ተገናኘ። የጠበቀችው ቁጣ ነበር። ያየችው ቁጣ አልነበረም፤ ዶክተር ተስፋ የለህም ብሎ የነገረው ሰው ዓይን ነበር። ደብተሯን የምታስቀምጥበት ጠፋት።

ሰብሳቢው ሲ ሙንጂ፣ በወደቡ የአየር ጠባይ ቢሮ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ስብሰባውን ከፈቱ። የዘርቃ ልጆች ካርታቸውን ግድግዳው ላይ አሳዩ፤ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ሄይከል ተነሳ።

«የማሳየው ነገር የለኝም» አለ። «ኒዳ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም። ባባ፣ እስቲ ተናገር።»

አጎት ሐሙዳ ብድግ አሉ። «ምን ልበል? ነፋሱን?»

«የዛሬውን።»

«የዛሬው ምሥራቅ ነው። እስከ ቀትር ልጅ ነው፣ ከቀትር በኋላ ይጎረምሳል። ሸሪክ ካለህ አብራችሁ ውጡ፤ ብቻህን ከሆንክ ግን ወጥመድህን ነገ አንሳው፣ ኦክቶፐሱ የትም አይሄድም።» ወደ መራጮቹ ዞሩ። «እንዲህ ነው የምለው። ልጄ በስልኩ ይቀዳኛል። ይሄን ስል ሰው ከሞት ተርፏል፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ተሳቀ፤ ሳቁ የፍቅር ሳቅ ነበር። ሲ ሙንጂ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ሄይከል ልጄ፣ ሥራህን እኔም ጠዋት ጠዋት እሰማዋለሁ። ግን ደንብ አለን። ይሄን የያዝከው አንተ ብቻህን ነህ። የሪሕ ስም ከተለጠፈበት፣ አጥማጁ ያንን ስም አምኖ ነው ባሕር የሚገባው። የዛሬ ዓመት አንተ አንድ አገር ብትሄድ፣ ስልኩ የትናንቱን ነፋስ ሲያወራ ቢቀርስ? ገጹ ላይ ስትጠየቅ የመለስከው ለማናችንም አልገባንም። ስለዚህ በቃል እጠይቅሃለሁ። ትሄዳለህ?»

ሄይከል ከሲ ሙንጂ ዘወር ብሎ ኢሽራቅን አየ።

«አልሄድም» አለ። «የትም አልሄድም።»

ኢሽራቅ ከደብተሯ ቀና አለች። ሃምቡርግስ? ደብዳቤውስ? ይህ ሰው ለምርጫው ብሎ ስልሳ ሰው ፊት እየዋሸ ነው? ወይስ ለእሷ ብቻ ቃል እየገባ፣ ሌላው ሰው እንዲያው በአጋጣሚ እየሰማ ነው? ፊቱን መረመረችው። የሌላ ሰው ፊት ቢሆን ታነበው ነበር። የዚህን ግን ገና ከማየቷ ማመን ትጀምራለች።

ድምፅ መስጠት ተጀመረ። ከቱኒስ የመጡት ሁለቱ መራጮች ዘርቃን አሉ። ሶንዶስ ኒዳን አለች። ሲ ሙንጂ ትንሽ ተክዘው፣ «አልሄድም ካለ አምነዋለሁ፤ ኒዳ» አሉ። ሁለት ለሁለት። ሁሉም ወደ ኢሽራቅ ዞረ።

ተነሳች። የምትለውን አላዘጋጀችም።

«ድምፅ አልሰጥም» አለች።

«ለምን፣ ልጄ?» አሉ ሲ ሙንጂ።

«ስለማልችል ነው። ይሄ ሰው አልሄድም ሲል እውነቱን ይሁን ውሸቱን መለየት አቃተኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እለይ ነበር። እሱን…» ጠረጴዛውን ያዘች። «እሱን እወደዋለሁ። የማምነው እውነት ስለሆነ ይሁን ማመን ስለምፈልግ አላውቅም። እንዲህ ባለ ልብ፣ የሰው ነፍስ ያለበትን ነገር አልመርጥም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ይሄን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

ከኋላ ወንበር የአባቷን ዘይት የሚጭነው ሰው የወንድሙ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያያት አየችው። ይህ ወሬ ከምሳ በፊት ቤት ይገባል።

«ምን አለች?» አሉ አጎት ሐሙዳ፤ አንድ ጆሯቸውን ባሕሩ ወስዶባቸዋል። «ነፋሱን ነው?»

«ልጅህን እወደዋለሁ አለች!» ጮሆ ነገራቸው አንዱ።

«ልጄን? እና መረጠችው?»

«አልመረጠችውም!»

«ሱብሓነላህ! እንዴት ያለ ፍቅር ነው ይሄ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሄይከል ግን አልሳቀም። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ማንንም ሳያይ በጎኑ በር ወጣ። ኢሽራቅ በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል ቆማ፣ ነፃ የወጣች ይሁን የጠፋች መለየት አቃታት።

*

የወደቡ ግንብ ላይ ደረሰችበት። ነፋሱ ሸሚዙን ይዞ ይታገለዋል።

«ሄይከል!»

ዞረ። ፊቱ ቀልቷል።

«ሦስት ሳምንት!» አለ። «ሦስት ሳምንት አንዲት ቃል ጠበቅኩ። አንዲት ቃል! እሷን ለእኔ ነፍገሽ ለስልሳ ሰው ትናገሪያታለሽ?»

«አንተስ? ሃምቡርግ ልሂድ ወይ እያልክ ጽፈህልኝ፣ ለሲ ሙንጂ የትም አልሄድም ትላለህ! የቱን ልመን?»

«ምን ሃምቡርግ አለ አሁን?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ምን ብለሽ ትመልሺላቸው ነበር ብለህ ስምህን እንኳ ሳትጽፍ የተውከው አንተ! ከዚያ ደግሞ ጠያቂዋ ታውቃለች! ምኑን ነው የማውቀው? አሥር ቀን ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው!»

ሄይከል ክንዱን አንስቶ ሊመልስ ነበር፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ስሜን ሳልጽፍ?» አለ ቀስ ብሎ። «ስሜን እኮ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ።»

«የቱ ሁለተኛ ገጽ?»

ተያዩ። ከመርከቡ የሚወርዱ ሰዎች በመካከላቸው እያለፉ፣ ቅርጫትና ሻንጣ እየገፋቸው፣ ንቅንቅ አላሉም።

«ኢሽራቅ» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆኗል። «ስንት ገጽ ደረሰሽ?»

«አንድ።»

ግንቡ ላይ ተቀመጠ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣ።

«ሁለተኛው ላይ ምን ነበር?» አለች።

«አሁን እዚህ እንዴት ብዬ…»

«ንገረኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው!»

ባሕሩን እያየ ነገራት። «‹አትጨነቂ፣ ትናንት አልመጣም ብዬ መልሼላቸዋለሁ› ይላል። ‹የምጠይቅሽ ሌላ ነው። አባትሽ ዘንድ ልምጣ ወይስ አልምጣ? ልምጣ ካልሽ አንዲት ቃል ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ ይገባኛል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።› አልጻፍሽም። ገባኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ገጹ ላይ ያቺን ጥያቄ ሳይ፣ እንደማልሄድ እያወቀች ሰው ፊት ታዋርደኛለች አልኩ።»

ኢሽራቅ አፏን በመዳፏ ከደነች። ያ ሁሉ ቀን፣ ያ ሁሉ መገላበጥ፣ ሁለቱም የሌለ ጥያቄ ሲመልሱ ነበር። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ስሜት ነው፤ ደብዳቤውን ትራሷ ላይ ያስቀመጠ እጅ ትዝ አላት።

«እናቴ» አለች።

በዚህ መካከል ሶንዶስ እየሮጠች ደረሰች፤ አጎት ሐሙዳ ከኋላዋ ቆባቸውን ይዘው ያዘግማሉ።

«ስሙ!» አለች ሶንዶስ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሲ ሙንጂ ሦስተኛውን ቦታ እስከ ፀደይ ባዶ ትተውታል። ማንም አልተመረጠም። ኒዳ ሁለተኛ ባለአደራ ካገኘ እንደገና ይታያል።»

ሄይከል ወደ ኢሽራቅ ቀና አለ። «አንቺ ሁኚያ» አላት። «ሁለተኛዋ አንቺ ሁኚ።»

ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ሁሉም ገባቸው። ኢሽራቅ እሺ ልትል ፈለገች፤ አፏ ግን «አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«በእሱ በር ከገባሁ፣ ለኒዳ ብዬ ይሁን ለአንተ ብዬ ዕድሜ ልኬን አላውቀውም። አንድ ጊዜ እንኳ የማደርገውን አውቄ ላድርግ።»

«በሉ እኔ እሆናለሁ!» አለች ሶንዶስ። «ከመረጣው ወጣሁ፤ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ግን ስልኬ ላይ አጎት ሐሙዳ ‹ሚስትህ ብትጨቀጭቅህም› እንዳይሉኝ። ባል ነው የሚያስፈልገኝ።»

«እሱንም እንቀዳለን» አሉ አጎት ሐሙዳ። ከዚያ ኢሽራቅን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?»

«የሲ ዙሄር፣ አጎቴ። የመጭመቂያው።»

ሽማግሌው ቆባቸውን አደረጉ። «ትልቅ ቤት ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ቅሬታ ይሁን አክብሮት ኢሽራቅ አልለየችውም። «ሄይከል፣ መርከቡ ሊነሳ ነው።»

«ሂድ ባባ። እኔ በኋለኛው እመጣለሁ።»

«የት ልትሄድ?»

ሄይከል ኢሽራቅን አያት። ኢሽራቅም እሱን።

«እኔ አላውቅም» አለች። «አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ግን እንሂድ።»

ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚህች ከተማ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አብረው ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነው። የሚያውቃት ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት፤ እግሯ ግን አልተመለሰም፤ ያ ነው የገረማት።

*

የወይራው ወቅት ገና መጀመሩ ነበር። የመጭመቂያው ግቢ በጆንያ ተሞልቷል፤ ወፍጮው ያጓራል። ሲ ዙሄር እጅጌያቸውን ሰብስበው የመጀመሪያውን ዘይት በብርጭቆ ይዘው ወደ ብርሃን ያነሱታል። ሁለቱን በሩ ላይ ሲያዩ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ወሬው ቀድሟቸዋል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል።

ኢሽራቅ መንገዱን ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር ጠፋት።

«ባባ፣ ከደብዳቤዬ አንድ ገጽ ጠፍቶብኛል» አለች።

ሲ ዙሄር ሠራተኞቹን በእጃቸው አስወጡ። ወፍጮው ቆመ። በጸጥታው ውስጥ ዘይቱ ወደ ጋኑ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«አልጠፋም» አሉ።

የሸሚዛቸውን የደረት ኪስ ከፍተው አራት ጊዜ የታጠፈ አንድ ወረቀት አወጡ። በመታጠፍ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል።

«እናትሽ የዚያኑ ቀን ይሄን ገጽ ለይታ አመጣችልኝ። አነበብኩት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።» ወረቀቱን ዘረጉላት። «ልመልስልሽ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ራሷ መጥታ ትንገረኝ አልኩ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። ከዚያማ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም ካልኩ በራሱ ጊዜ ይቀራል አልኩ። ይሄ ልጅ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል አልኩ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እያየኸኝ?» እንባዋ መጣ። «ራት ላይ ማንኪያ ሳስቀምጥ እያየኸኝ?»

«እያየሁሽ።»

«እንዴት ቻልክ?»

«አልቻልኩም። ኪሴ ውስጥ ነው የከረመው፣ አይታይሽም?»

ኢሽራቅ ወረቀቱን ተቀበለች፤ መክፈት አልቻለችም። ሁለት ዓመት የፈራችው የአባቷን ቁጣ ነበር፤ ፊቷ የቆሙት ግን ምን እንደሚሉ የጠፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ልትጮህባቸው ፈለገች። ልታቅፋቸውም ፈለገች።

ሲ ዙሄር ወደ ሄይከል ዞሩ። ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ጫማውን፣ በነፋስ የተበታተነ ጠጉሩን፣ ኮሌታው የሳሳ ነጭ ሸሚዙን።

«ዛሬ ሥራህን መረጠችልህ?»

«አልመረጠችልኝም፣ ሲ ዙሄር።»

«ሰው ሁሉ ፊት?»

«ሰው ሁሉ ፊት።»

«እና ከዚያ በኋላ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?»

«አዎ። ለምን ብለው ቢጠይቁኝ ግን… ኒዳ ባይመረጥም እኔ ነፋሱን ከመናገር አልቀርም፤ ኮዱም የማንም ስላልሆነ የሚከለክለኝ የለም። እሷ ግን ዛሬ የተናገረችውን ከሰማሁ በኋላ ወደ መርከቡ መሄድ አልሆነልኝም። ምን ማለት እንዳለብኝ ግን አላውቅም። አስቤበት የመጣሁት ነገር የለም።»

ሲ ዙሄር ጢማቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። ወደ ጋኑ አዩ፣ ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩና እዚያው ቀሩ።

«ምሳ በልታችኋል?» አሉ።

ይህ እሺታ ይሁን፣ ማንም እንግዳ የሚባለው የቤት ወግ ይሁን፣ ወይስ ሌላ ቃል የጠፋው አባት ያገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ኢሽራቅ አላወቀችም። ሄይከልን አየችው፤ እሱም አላወቀም። ከጆንያዎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጠች፤ ያልተከፈተውን ወረቀት እቅፏ ውስጥ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ደስታ ይሁን ፍርሃት ልትለየው አልሞከረችም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለማወቋ አላስጨነቃትም።